የልጅን ጥቃት ለማስታረቅ ለምትጠሩ ሁሉ

ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ለንስሐ አባቶች፣ ለሼኾችና ለኢማሞች፤
በያላችሁበት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ሕፃን ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰበት ለቤተሰቡ ከተናገረ በኋላ ባሉት ቀናት በዚያ ቤት ስለሚሆነው ነገርና በዚያ ቤት ላይ እናንተ ስላላችሁ ሥልጣን ነው። ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር መጻፍ ይቻል ነበር፤ ለእነሱም የሚጻፍ አይጠፋም። ነገር ግን በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራዬ ካገኘኋቸው ቤተሰቦች መካከል፣ ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሳቸው በፊትም ሆነ ከደረሱ በኋላ፣ ከእናንተ አንዱን ያላማከሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ የልጅቱን ስም ከመስማቱ በፊት እናንተ አባቷን በስሙ ጠርታችሁ «ነገሩን በእርጋታ እንየው» ብላችሁታል። ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው፤ ልመናዬም አንድ ነው፤ በሕፃን ላይ የተፈጸመን ወሲባዊ ጥቃት ለማስታረቅ አትቀመጡ።

ልመናው ሽምግልናን ከመናቅ የመጣ አይደለም። የድንበር ጠብ፣ የውርስ ክርክር፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ደም የተቃቡ ወገኖች ጉዳይ ሳይቀር፣ ፍርድ ቤት በቀጠሮ ብዛት ሲያንከባልለው የኖረው ነገር በእናንተ ትዕግሥት መቋጫ ሲያገኝ አይቻለሁ። እርቅ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው መናገር የሚችሉ ሁለት ወገኖችን ይፈልጋል። በዚህኛው ጉዳይ የሚቀመጡት የበዳዩ ዘመዶችና የልጅቱ አባት ናቸው፤ የተበደለችው ልጅ ጓዳ ሆና ስለ ራሷ የሚባለውን ትሰማለች እንጂ አትጠየቅም፤ ብትጠየቅም ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ በነጭ ጋቢ ለተቀመጡ አምስት አዛውንቶች «አልታረቅም» ብላ ልትመልስ አትችልም።

ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትናገርም። አንድ ቀን «እሱ ካለ አልሄድም» ትላለች፤ ሌላ ቀን ሆዷን እንዳመማት ትናገራለች፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ እናቷ ጸጉሯን ስትሠራት ግማሹን ትናገርና ቀና ብላ የእናቷን ፊት ታያለች። የቀረውን የምትናገረውም ሆነ የምትውጠው እዚያ ፊት ላይ ባየችው ነገር ነው። «ለምን ያኔ አልተናገረችም?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ አፍ ደጋግሞ ስለሚወጣ ይህን ማስታወስ አስፈልጎኛል፤ ያጠቃት ሰው የሚያበላት፣ የሚያስተምራት ወይም እናቷን «እህቴ» የሚላት ሰው ከሆነ ዘግይታ መናገሯ የሚያስደንቅ አይደለም።

እናቶች በዚያች ሰዓት የሚያደርጉት ብዙ ዓይነት ነው። ፊቷን የምትነጭ አለች፤ «ማን ሂጂ አለሽ?» ብላ ልጅቱን የምትገርፍ አለች፤ በድንጋጤ ልጇን አጥባ ልብሷን በበረኪና የምትነክር አለች፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሽንኩርቷን መክተፍ የምትቀጥልም አለች። በዚህች በመጨረሻዋ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እጇ ሽንኩርት እየከተፈ ልቧ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ የቀሩት ልጆች የት እንደሚያድሩ፣ አማቷ ምን እንደምትል ያሰላል። አንዳንዷም በልጅነቷ የደረሰባትን ለማንም ሳትናገር የኖረች ናት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑና አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 ከመቶዎቹ እርዳታ እንዳልጠየቁ፣ ለማንም ሰው እንዳልተናገሩም መዝግቧል። ሆድ ይፍጀው ብላ ያደገች እናት ለልጇም የምታውቀው መድኃኒት ያንኑ ነው።

አባት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሽመልና ገጀራ ይፈልጋል። ቁጣው ከፍቅር እንደሚመነጭ አልክድም፤ ልጅቱ የምታየው ግን አባቷ በእሷ ቃል የተነሳ ነፍስ አጥፍቶ ሊታሰር መሆኑን ነው። አያቷ ስታለቅስ፣ አክስቶቿ በሁለት ወገን ሲከፈሉ፣ እናቷ እንቅልፍ ስታጣ ታያለች። በልጅ አእምሮ ይህን ሁሉ ያመጣው ሰውየው ያደረገው ነገር አይደለም፤ እሷ የተናገረችው ነገር ነው። ስለዚህ ቤቱ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ በእጇ ያለውን አንድ ነገር ታደርጋለች፤ «ዋሽቼ ነው» ትላለች።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮላንድ ሰሚት በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ምስጢር መያዝን፣ መዘግየትንና ቃልን መልሶ መካድን ከጥቃቱ ጋር አብረው የሚመጡ የልጆች ጠባዮች አድርጎ ገልጿቸዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የታተመና ጥቃት መፈጸሙ የተረጋገጠባቸውን 257 የሕፃናት ጉዳዮች የመረመረ ጥናት ደግሞ ከልጆቹ 23 ከመቶ ያህሉ በሆነ ጊዜ ቃላቸውን መልሰው እንደካዱ አሳይቷል፤ ይበልጥ የካዱትም ትንንሾቹ፣ በወላጅ ወይም እንደ ወላጅ በሚያሳድጋቸው ሰው የተጠቁት፣ ጥቃቱን ያልፈጸመው ወላጅም ከጎናቸው ያልቆመላቸው ነበሩ። እንግዲህ ልጅቱ «ዋሽቼ ነው» ባለች ጊዜ «እሰይ፣ ነገሩም ሐሰት ነበር» ከማለታችን በፊት፣ ባለፈው ሳምንት እቤቷ ማን እንደገባና ምን እንደተባለ መጠየቅ ይገባናል። ከገቡት መካከል ብዙ ጊዜ እናንተ ትገኛላችሁ።

አመጣጣችሁን አውቀዋለሁ። ምሽት ላይ ነጠላ አጣፍታችሁ፣ የበዳዩን ታላቅ ወንድም ወይም ቤተሰቡ እንቢ ሊለው የማይችለውን አንድ ሰው አስቀድማችሁ ትመጣላችሁ። የሚባለውም ከቤት ቤት ብዙ አይለያይም። «ገመናችሁን ለአደባባይ አትስጡ»፤ «ማን ያገባታል?»፤ «እሱም ሰይጣን አሳስቶት ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ቢታሰር ማን ያበላቸዋል?»፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ በሕፃን ቃል ቤት አይፈርስም»። ከዚያ ካሳ ይቀርባል፤ የሕክምና ወጪ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በገጠር ከብት። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ከበር ላይ ይወድቃል፤ አባት ሽማግሌ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ስለ እናንተ ብዬ ትቻለሁ» ይላል፤ ይመረቃል፤ ቡና ይጠጣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሽማግሌው አያየውም። ለፋሲካ ወይም ለዒድ ሰውየው በእንግድነት ይመጣል፤ እጁን ታስታጥበው ዘንድ የምትታዘዘው ያቺው ልጅ ናት። ወይም ደግሞ «ከወሬ እንድትርቅ» ተብላ ወደ አያቷ አገር ትላካለች፤ ትምህርቷ ይቋረጣል፤ ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ትለያለች፤ ሰውየው በሰፈሩ ሥራውንና ክብሩን ይዞ ይኖራል። ተሰዳጇ እሷ ናት። በዚያው ሰፈር ሌሎች ልጆች እንዳሉም አትዘንጉ፤ እርቁ በአንድ ቤተሰብ በኩል ሲቋጭ የእነሱ ወላጆች የሚያውቁት ነገር የለም።

ሕጋችንና ሽምግልናችን ከሁሉ ይልቅ የሚጋጩት በዝምድና ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትን የሚመለከተው አንቀጽ 626 የሚያስቀጣው ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ነገር ግን ተጠቂዋ የአድራጊው ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ በአደራ የተሰጠችው ወይም በሌላ መንገድ በእሱ ሥር የምትተዳደር ልጅ የሆነች እንደሆነ በዚሁ በአንቀጽ 626 ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ሕጉ ታማኝነትን ያፈረሰውን ሰው ከማያውቃት ሰው አብልጦ ይቀጣል ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ ግን «እኮ የእናቷ ወንድም ነው!» የሚለው ቃል ነገሩን ማለዘቢያ ሆኖ ይቀርባል። ሕጉ ለማክበድ የሚቆጥረውን ምክንያት እናንተ ለማቅለል ትቆጥሩታላችሁ፤ ከሁለቱ ለልጅቱ የሚያስብላት የትኛው እንደሆነ ለፍርዳችሁ እተወዋለሁ።

ሌላው በሰፊው የሚነገር ስሕተት «ባለቤቶቹ ክሱን ካነሱ ነገሩ ያበቃል» የሚለው ነው። እነዚህ ወንጀሎች በተበዳይ የግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰሱ አይደሉም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ የማመልከት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ይህ ማለት ጎረቤትም፣ መምህርም፣ እናንተም ጭምር ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎች ፈቃድ፣ ያውም በግልና በቤተሰብ ሕግ ነክ ክርክሮች ላይ ነው፤ የወንጀል ጉዳይ በዚያ ውስጥ አልተጻፈም። በተግባር የሚሆነው ግን ይታወቃል፤ እርቁ ሲያልቅ ምስክሮች ከአድራሻቸው ይጠፋሉ፣ እናት ስልኳን ትዘጋለች፣ ልጅቱ ወደ ገጠር ትሄዳለች፣ መዝገቡም ማስረጃ አጥቶ ይዘጋል። እርቁ በሕግ ፊት ዋጋ ባይኖረውም መዝገቡን ከማስረጃ ያራቁተዋል።

በአንዳንድ አካባቢ እስከ ዛሬ የሚሰማውን «ያግባትና ይብቃ» የሚለውን ፍርድ በተመለከተ ብዙ አልልም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪ ተደፋሪዋን ሲያገባ ክሱ እንዲቀር በር ከፍቶ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅን መዳርም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

«እስከ እሑድ ታገሡ» የሚለው ቀጠሮ ስለሚያስከትለው ጉዳት ግን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያውም በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና እንዳይከተል የሚሰጠው ድንገተኛ መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም ሲዘገይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማስረጃ በሰውነትና በልብስ ላይ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ልጅቱ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርባታል። ረቡዕ የተጀመረ ነገር ለእሑድ ሲቀጠር የመጀመሪያው መድኃኒት ያመልጣል፣ የሁለተኛው ጉልበት ይቀንሳል፣ ማስረጃውም ሊጠፋ ይችላል። አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በሌሎችም ከተሞች በተመሳሳይ ማዕከላት፣ ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ቦታ ተገናኝተው ልጅቱን የሚያስተናግዱበት አሠራር ተዘርግቷል፤ ዓላማውም ልጅቱ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግም ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል በሌለበት ወረዳ ደግሞ የቅርቡ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ይሁን።

በምርመራው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። እናቶችና አክስቶች ልጅቱን ክሊኒክ ወስደው «ክብረ ንጽሕናዋ አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «አለ» ሲባሉም እልል ብለው ሲመለሱ፣ ሽማግሌውም «እንኳን ተረፈች፣ በቃ ምንም አልሆነችም» ብሎ ሲዘጋው አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ ይህ ዓይነቱ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቅረት እንዳለበት አስታውቀዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች በአብዛኞቹ ላይ በአካል ምርመራ የሚታይ ቁስል አይገኝም፤ ጥቃቱ በሰውነት ላይ ምልክት የማይተው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ምልክት የነበረውም በልጆች ላይ ቶሎ ይድናል። ንጹሕ የሐኪም ወረቀት ሰውየውን ነጻ አያወጣውም፤ ልጅቱንም ሐሰተኛ አያደርጋትም። የልጅን ጉዳት በጋብቻ ገበያ መለካት ከጀመርን ደግሞ ስለ ልጅቱ ማሰብ አቁመናል።

«ብትዋሽስ? ሰው ያለ ጥፋቱ አይታሰርም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተከሳሽም እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው። ነገር ግን ያንን የማጣራት ሥራ የሽማግሌ አይደለም፤ በሕፃናት ጥቃት የሠለጠነ መርማሪ አለ፤ ሐኪም አለ፤ ችሎት አለ። ልደታ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት የሕፃናት ችሎት ልጅቱ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳታይ በሌላ ክፍል ሆና ትናገራለች፤ የዳኛው ጥያቄ በማኅበራዊ ሠራተኛዋ በኩል በልጅ ቋንቋ ይደርሳታል፤ ችሎቱ መልሷን በቴሌቪዥን መስኮት ያያል። ንጹሕ የሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚድንበት ቦታ ሊኖረው አይችልም፤ በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ያላደረገውን ከሚያምን እዚያ ቢከራከር ይሻለዋል። ከእናንተ የሚጠበቀው መፍረድ አይደለም፤ ነገሩ እስኪጣራ ሰውየው ከልጅቱ እንዲርቅ ማድረግ ነው። የሚርቀው እሱ ይሁን፤ ልጅቱ አልጋዋንና ትምህርት ቤቷን አትልቀቅ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በባሕር ዳር ጥቃት ተፈጽሞባት የተገደለች የሰባት ዓመት ልጅ ጉዳይ ሲሰማ አገሩ በሙሉ ጮኸ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፍትሕ እንዲሰጥ ፊርማቸውን አኖሩ። ጩኸቱ ትክክል ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ «በስቅላት ይቀጣ» ሲሉ ከሰማኋቸው ሰዎች መካከል፣ በገዛ ሰፈራቸው ልጅቱ በሕይወት ያለችበትና አድራጊው የሚያውቁት ሰው የሆነበት ጉዳይ ሲመጣ «እባካችሁ በይቅርታ እንለፈው» ያሉ አሉ። ለሞተች ልጅ አደባባይ እንወጣለን፤ በሕይወት ላለችው ሽማግሌ እንልካለን። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ አይረጋም።

ልጅቱ የቤቱ ልጅ ባልሆነች ጊዜ ደግሞ ሽማግሌም አይላክም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የ12 ወይም የ14 ዓመት ልጅ በቤቱ ጎረምሳ ወይም በጌታው ጥቃት ደርሶባት ስትናገር የሚሰጣት የወር ደመወዟና የአውቶቡስ ቲኬት ነው፤ «ስም አጥፊ» ተብላ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ያገናኛት ደላላም ሌላ ቤት ያስገባት ይሆናል። በእድራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ ያለችባቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እናቶቻቸው ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሄደው ከአያት፣ ከአጎት ወይም ከአክስት ባል ጋር የሚያድጉ ልጆችም አሉ። እነዚህ ልጆች ሲናገሩ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚስማማበት ነገር «ለእናትየው እንዳይነገር» የሚል ነው፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ የምትልከው ገንዘብ ይቋረጣል ተብሎ ይፈራል። እናት ከዓመታት በኋላ ስትሰማ ያለቀሰችበትን ገንዘብ የበላው ማን እንደሆነ ትረዳለች። ሽማግሌዎች ሆይ፣ በእንዲህ ያለ ዝምታ ላይ እንድትመክሩ ስትጠሩ መጀመሪያ እናትየው ዘንድ ይደወል በሉ።

ወንዶች ልጆችን በተመለከተ ዝምታው የባሰ ነው። ወላጅ «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?» ይላል፤ ወይም ነገሩ ቢወጣ ልጁ በሰፈር በሚሰጠው ስም ዕድሜውን ሙሉ እንዳይጠራ ይፈራል፤ ስለዚህ እናንተንም ሳይጠራ አፍኖ ያስቀረዋል። ዩኒሴፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ከ370 ሚሊዮን የሚበልጡት 18 ዓመት ሳይሞላቸው መደፈር ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሲሆኑ፣ በወንዶች በኩል ቁጥሩ ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን ይገመታል። የወንዶቹ ቁጥር ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ነው። የወንጀል ሕጋችን በወንድ ሕፃን ላይ የሚፈጸመውንም በአንቀጽ 631 በከባድ ይቀጣል።

ለንስሐ አባቶችና ለሼኾች የምለው ጥቂት ነው። የኑዛዜን ምስጢር እንድታፈርሱ አልጠይቅም። የምጠይቀው ልጅቱን «ይቅር በይ» ብላችሁ እንዳትጠሩ ነው፤ ይቅርታ ካለ ካደገች በኋላ፣ ከፈለገች፣ የራሷ ነገር ነው። ጥፋቱን ለሚናዘዝ ሰው ስትመክሩም ጾምና ስግደት ብቻ አትዘዙት፤ ራሱን ለሕግ እንዲያቀርብ፣ ከልጆችም እንዲርቅ እዘዙት። ከጥቃት በኋላ የምትጮህ፣ የምትደነግጥ፣ ሌሊት የምትቃዥ ልጅ ወደ ጸበል ብትሄድ አልቃወምም፤ ዳሩ ግን «ዛር ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ የደረሰባት ነገር እንዳይሸፈን፣ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያም ጎን ለጎን እንዲያያት አድርጉ።

አሁን ወደ እድሮች እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም እድር ከዚህ ሁሉ መውጫ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው። እናት ልጇን የማታምንበት ትልቁ ምክንያት ጭካኔ አይደለም፤ ሰውየው ቢሄድ በማግስቱ የምትበላው የላትም። የእንጀራ አባቱ ሲታሰር ኪራይ የሚከፍል፣ ለቀጠሮ ወደ ፍርድ ቤት አብሯት የሚሄድ፣ የበዳዩ ዘመዶች በር ላይ ቆመው ሲያስፈራሩ «ሂዱ» የሚል ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ማድረግ የሚችል ተቋም በየሰፈሩ ካለ እድር ነው። እድር ደንቡን ለዘመኑ ችግር መለወጥ እንደሚችል ከዚህ በፊት አይተናል፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ በየቤቱ ሲገባ፣ ቀድሞ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ይሰበሰቡ የነበሩ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። ያኔም «ነውር ነው፣ በሽታውን ስም አንስተን አንናገርም» ይባል ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ፤ «እድሩም ሆነ አባላቱ በእድሩ ስም በሕፃን ላይ የተፈጸመን ወሲባዊ ጥቃት ለማስታረቅ አይቀመጡም፤ እንዲህ ያለ ነገር የተሰማበት ቤት ሲኖር እድሩ ልጁ በዚያው ቀን ሕክምና እንዲያገኝና ጉዳዩ ለፖሊስ እንዲደርስ ያግዛል፤ በጉዳዩ ምክንያት ገቢዋ ለተቋረጠ እናት ወይም አሳዳጊ ከእድሩ ገንዘብ እርዳታ ይሰጣል፤ የልጁንም ስም በስብሰባ ላይ አያነሳም።» የገንዘቡን መጠን እንደ አቅማችሁ ወስኑ። የሕግ ምክር የሚያስፈልጋትን እናት ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ማደሪያ ያጣችውን ወደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መምራት ይቻላል፤ ሁለቱም በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት አስቆጥረዋል።

በመጨረሻ፣ ቀድሞውኑ እንዲህ ባለ እርቅ ላይ ለተቀመጣችሁት የምለው አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት መካከል እንዲህ ያሉ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። በእናንተ ፊት ሰውየው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ ከሆነ ያ ቃል በእናንተ ዘንድ አለ። የተፈራረማችሁበት ወረቀት በአንዳችሁ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። እርቁ ክስን አያግድም፤ ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል የሚቆጠረው የይርጋ ዘመንም ረጅም ነው። ልጅቱ አድጋ ወይም እናቷ ልብ ገዝታ ፖሊስ ጣቢያ የሄደች እንደሆነ መርማሪው ወደ እናንተ ይመጣል፤ ያን ጊዜ «እኛ ለሰላም ብለን ነው፣ የሰማነው ነገር የለም» አትበሉ። ወረቀቱን አውጡ፤ ሰውየው ምን ብሎ እንዳመነ፣ ካሳው ስንት እንደነበር፣ ማን ማን እንደተቀመጠ በምስክርነት ተናገሩ። መርማሪው እስኪመጣ መጠበቅም ግዴታ አይደለም፤ የፖሊስ ጣቢያው በር ለእናንተም ክፍት ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ
አዲስ አበባ